ሣሩ ላይ አይቀመጥም

በዚህ ሳምንት ከጭንቀት እንዴት እንደምንገላገል ሠለጠንን። ያሰበልን መሥሪያ ቤታችን ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ሥልጠናው የተሰጠው አንድ ሆቴል ምድር ቤት ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። መስኮት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ ይውላል፤ ቬንትሌተሩ ያጓራል። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ጥቅጥቅ ያለ ደን አሳየንና «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እዚህ ደን ውስጥ ናችሁ፤ ወፎቹን አዳምጡ» አለን። ጨፈንን። ለእኔ የተሰማኝ አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን ማንኮራፋት ነው። ከሁላችንም ሥልጠናው የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከራሳችን በላይ፣ ደረጃውን ወጣ እንዳሉ፣ የሆቴሉ ግቢ አለ። አንድ የደረጀ ጽድ ቆሞበታል፤ ሣሩም ተከርክሞ ለምልሟል። በሻይ ሰዓት ስኒዬን ይዤ ጽዱ ሥር ቁጭ ከማለቴ ፊሽካ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሣሩ ላይ አይቀመጥም!»

«ለምን?»

«ይጎዳላ።»

ከፊሽካ ጋር ያለኝ ጠብ የቆየ መሆኑን የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። ልጁን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ነው የነፋው። የሚያናድደኝ ሣሩን ቡፌ ውስጥ እንደተደረደረ ብርጭቆ ለዓይን ብቻ የሚያስቀምጠው አለቃ ነው። ከተማው በሙሉ አረንጓዴ እየሆነ ነው ይሉናል፤ እውነት ነው፣ እያየሁ ነው። እያየሁ ብቻ ነው!

ወደ ምድር ቤቱ ስንመለስ አሠልጣኙ ስለ ጃፓኖች አወራን። የጃፓን መንግሥት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ ጫካ ገብቶ ቀስ እያለ እንዲራመድ፣ እንዲያሸት፣ እንዲተነፍስ ይመክራል። ጥሩ ነው። እኔ ግን የምወደው ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣውን ነው። ሰውየው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፤ የተቀሩት የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ሲያዩ የከረሙት ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያን ያህል አልፈለጉም። 46 ሰው ምን አላት የሚል ይኖራል፤ ይበል። ከእነዚያ ሕሙማን አንዳቸውም ጫካ አልወረዱም፣ የስፖርት ጫማ አልገዙም፣ በተኙበት ቀና ብለው አዩ እንጂ።

እኛ ግን ነገሩን የቅዳሜ ሽርሽር አደረግነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ከተደሰቱት አንዱ ነኝ፤ ዛሬም እሄዳለሁ። ግን ሰው የሚጨንቀው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፣ ሳሪስ ወይም ቄራ እያለ፣ አለቃው ከጠራው በኋላ። በዚያ ሰዓት እንጦጦ ለመድረስ ስንት ታክሲ፣ ስንት ሰልፍ አለ? ተራ ስትጠብቅ የተጨመረብህን ጭንቀት ማራገፊያ ሌላ ተራራ ሊያስፈልግህ ነው።

«ሰው ኑሮ ተወዶበት አንተ ስለ ዛፍ ጥላ ትጽፋለህ» የሚሉኝ አሉ። ኑሮ የተወደደበት ሰው ነው እኮ በነፃ የሚቀመጥበት የቸገረው! ያለው ሰውማ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶውን አዞ ይቀመጣል።

እኔ የት እንደምሄድ ልንገራችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን። በቀትር፣ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት። ቅጥሩ ውስጥ ወይራ አለ፣ ጽድ አለ፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ፤ «ምን ልታዘዝ?» የሚል የለም። ተማሪው ደብተሩን ዘርግቶ፣ ከገበያ የምትመለሰው ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ሌላው ጫማውን አውልቆ ግንዱን ተደግፎ ታገኛላችሁ። አንድ ቀን እንዲያውም የባንክ ጥበቃ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ አየሁ። ፊሽካው ደረቱ ላይ ተጋድሟል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደርም ቢሆን ጫካው ከእርሻና ከምሳር የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው «ያ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ነው» አለኝ። እሱን እንጦጦ ይዤው መውጣቴ ሌላ ጣጣ። ገና ከመኪና ሳንወርድ ባሕር ዛፍን መክሰስ ጀመረ፦ ውሃ መጣጭ ነው፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም፣ አፈር ያደርቃል። አውቃለሁ፤ ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ግን በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይኸው ዛፍ ነው ማገዶ ላለቀባት አዲስ አበባ የደረሰላት። ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ቅጠሉን አፍልታ፣ በጋቢ ሸፍና የምታጥነኝም በእሱ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ምን ላድርግ?

እየተከራከርን ስንሄድ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች ከላይ ሲወርዱ ተገናኘን። መንገድ ለቀቅንላቸው። አንዷ ቆም ብላ «እናንተ ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?» አለችን።

«አየር ልንቀበል» አልኳት።

«እኛ የምንቀበለው ይህን አውርደን ስንጥል ነው» ብላ አለፈች። ጓደኛዬ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ስለ አፈር መሸርሸር ቀጠለ።

በመጪው ቅዳሜ ብቻዬን ነኝ፣ እዚያው ባሕር ዛፌ ሥር። እሱ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለለት፤ 705 ሄክታር ነው፣ አገር በቀሉን እየተከሉለት ነው፤ እየዞረ ይክሰስ።