ጣና ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ነውር ነው እንዴ?

 

ሰሞኑን የሰፈራችን ወጣቶች «ተሰብስበን ጣና ዳር ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ብናድርስ?» ብለው ጠየቁኝ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ቀድመውኝ «ይሄ የሥራ ፈት ነገር ነው፤ ቁርኣን አይቀሩም?» አሉ። ለክብራቸው ስል ዝም አልኩ። ሐሳቤን ግን እዚህ ልጻፍ።

ወጣቱን «ጫት ቤት አትግባ፣ ሺሻ ቤት አትሂድ» እንለዋለን። ትክክል ነው። ታዲያ የት ይሂድ? ሐላሉን በር ከዘጋንበት የትኛውን እንደሚከፍት ደብረ ታቦር ላይ የማያውቅ የለም። ሶሓባው ሐንዘላ (ረ.ዐ) ቤቱ ከልጆቹ ጋር ሲሆን ልቡ ስለሚዘናጋ «ሙናፊቅ ሆንኩ» ብሎ ፈራ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለዚያም ለዚህም ጊዜ እንዳለው ነገሩት። ሙስሊም ዘግበውታል።

ስለዚህ መልሴ «ሂዱ» ነው። ግን እንደ ሙስሊም ሂዱ።

መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። ካልሆነ ይቅር፤ ጣና የትም አይሄድም። ሦስት ሆኖ የተጓዘ እንኳ አሚር እንዲመርጥ ታዟልና አሚር ምረጡ።

ሶላት ላይ አትሳሳቱ። ከደብረ ታቦር ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ፎገራ ዳርቻ ብትወርዱም አብዛኞቹ ዑለሞች ቀስር የሚፈቅዱበት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ አይሞላም፤ ዙህርን አራት ረከዓ ትሰግዳላችሁ። በሰሜን በኩል ጎርጎራ ድረስ ከሄዳችሁ ግን መንገደኛ ናችሁ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ስናርፍ ከመንገድ ላይ ገለል እንድንል አዘዋል፤ የእንስሳት መተላለፊያ ነውና። ጣና ዳር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጉማሬን ያየ ያውቃል። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል። ድንኳናችሁን መውጫው ላይ አትትከሉ፤ የአካባቢውን ገበሬ ጠይቁ፣ መሬቱንም አስፈቅዱ።

ውሃው ዳር ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣና ሣር ባለበት ገብታችሁ አትዋኙ፣ ቆማችሁም ውዱእ አታድርጉ፤ ቀድታችሁ አፍሉት። ዐውራችሁን ጠብቁ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እህቶችም ዕረፍት ሐቃቸው ነው፤ ከመሕረሞቻቸው ጋር የራሳቸው ቀን ይኑራቸው።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ወጥተን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሱብሒን በጀማዓ ሰግዶ የማያውቅ ልጅ ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን ሁላችንንም በአዛን የቀሰቀሰን እሱ ነው። በስንት ምክር ያላገኘነውን በአንድ ሌሊት አገኘነው።

አባታችን፣ ቁርኣኑ እዚያም ይቀራል ኢንሻአላህ። እንዲያውም እርስዎ አሚር ሆነው ቢወጡላቸው ምን ይመስልዎታል?

ወላሁ አዕለም።