ቀይ እስክሪብቶ የሌለበት ጠረጴዛ

ረቂቁን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ማእከል የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ ልብስ ንጽሕና መስጫ የመጣ ይመስለዋል፤ ወረቀቱን አስረክቦ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ታርሞ ሊወስደው። ሙሪየል ሃሪስ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እንዳቋቋሙት ባሉ ማእከላት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አማካሪው፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱም ተማሪ ነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ረቂቁ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያዳምጥና “እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?” ይላል። ተማሪው በአፉ ሲመልስ ወረቀቱ ላይ ካለው የጠራ ዓረፍተ ነገር ያመልጠዋል፤ “በል እሱን ጻፈው!” ይለዋል አማካሪው። የጽሑፍ ትምህርት ምሁሩ ስቲቨን ኖርዝ በ1984 ባሳተሙት ታዋቂ መጣጥፍ የማእከሉ ሥራ ከወረቀቱ ይልቅ ጸሐፊውን ማሻሻል እንደሆነ ተከራክረዋል። እውነት አላቸው፤ የማእከሉ ትልቁ ጉልበትም ማርክ አለመስጠቱ ነው። መምህሩ ፊት “አልገባኝም” ለማለት የሚያፍር ወጣት እዚያ ይናዘዛል። ሆኖም ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ወግ ሲሆን ያሰለቻል። ለምሳሌ አማርኛ “መጽሐፉ” ሲል ነገሩ የታወቀ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት ከቃሉ ጫፍ ይለጥፋል፤ የእንግሊዝኛው “ዘ” ግን ለብቻው ከፊት ይቆማል። በዚህ ግራ የተጋባን ኢትዮጵያዊ ተማሪ “አንተስ የት የሚገባ ይመስልሃል?” ብሎ መጠየቅ ማላገጥ ነው፤ ደንቡን ቁጭ አድርጎ መንገር ይሻላል። ፐርዱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ደንቦች በኢንተርኔት በነፃ ይለቅቃል፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ያነባቸዋል፣ ያውም ያለ ቀጠሮ።