«የእርግዝና ነው» ከማለታችን በፊት



ነፍሰ ጡር ሴት «ወገቤን አመመኝ» ስትለን መልሳችን የተዘጋጀ ነው፤ «የእርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» እንላታለን። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። እኔም በነርስነቴ ለአንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ይህንኑ ነግሬ፣ ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሸኝቻት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቃሬዛ ስትመጣ እግሮቿ አይታዘዙም። ሕመሟ የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ያን ቀን ስለ እግሯ አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

በአከርካሪያችን ውስጥ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ አንጀት ያደርሳል። ቲቢ፣ ዕጢ ወይም የአጥንት ስብራት ሲጫነው ትእዛዙ ይቋረጣል። ጫናው በቶሎ ካልተነሣ ሽባነቱ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ወገቧን ያመማትን ነፍሰ ጡር ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳንጠይቅ ማሰናበት የለብንም እላለሁ፦

1. እግርሽ ይዝላል ወይም ይደነዝዛል?
2. ሽንት እምቢ ይልሻል? ሽንት ወይም ሰገራስ ሳታውቂው ያመልጥሻል?
3. መቀመጫሽና ብልትሽ አካባቢ ስሜት ጠፍቶብሻል?

አንዱን እንኳ «አዎ» ካለች ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም አድርሷት። ወጌሻ ጠርታችሁ ጀርባዋን አታሳሹ። ጀርባዋ ሳይታጠፍ በቃሬዛ ተሸከሟት፤ ሆዷ ከገፋ ቃሬዛውን ከቀኝ በኩል ጥቂት ከፍ አድርጉት። እግሯ ደህና ሆኖ የጀርባ ሕመሙ ከሰነበተ፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም ቲቢን ጠርጥሩና ቶሎ ትመርመር።

«ትውለድና ትታከማለች» የሚሉም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ኤም.አር.አይ. የተባለው ምርመራ ጨረር የለውም። ዋና ዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ ይወሰዳሉ፤ የሚከለከለው የፅንሱን ጆሮ የሚጎዳው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መርፌ ነው። ካስፈለገም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ወገቧን ያመማት ሁሉ ከመጣች ክሊኒኩ ይጨናነቃል» ይሉኛል። እኔ ግን ሁሉም ይላኩ አላልኩም፤ ሁሉም ይጠየቁ ነው ያልኩት። ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከካኩማ እስከ ሎድዋር እንኳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱን ማሳጠር አንችልም፤ ቤት ውስጥ የሚባክነውን ቀን ግን ማሳጠር እንችላለን።

በጎ ፈቃደኞች፣ ነገ ቤት ለቤት ስትዞሩ ከመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ጀምሩ።