ማሳሳት ግፍ አይደለም!

ከሕንፃው ጀርባ የደረደርናቸውን ጀሪካኖችና የቀለም ባልዲዎች በዚህ ሳምንት ዞር ብሎ ያየ ሰው አለ? ከሩቅ አረንጓዴ ነው፤ ያምራል። ጠጋ ሲሉ ግን ካሮቱ እንደ ፀጉር ተጎንጉኗል፤ ቀይ ሥሩ አንገቱን አስግጎ ብርሃን ይሻማል፤ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ በአንዳንዱ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ችግኙ ከግርጌው እየበሰበሰ ይወድቃል። ዘሩም አፈሩም አላጠፉም። ጥፋቱ የኛው ነው።

ችግኝ ይሳሳ በተባለ ቁጥር አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «የበቀለን መንቀል ግፍ ነው» ይሉናል። ባለፈው እንዲያውም መቀስ ይዞ የወረደ ልጅ ተሰድቦ ተመልሷል። እኛም ነገር እንዳይበዛ ብለን ዝም አልን፤ ዝም ማለት አልነበረብንም። እስቲ እንነጋገር። በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው አፈርና ውሃ የተወሰነ ነው። የሜዳ ተክል ሥሩን ወደ ጎንም ወደ ታችም ሰድዶ ይፈልጋል፤ የጀሪካን ተክል ወዴት ይሂድ? ፕላስቲኩ ይመልሰዋል። 40 ካሮት ታጭቆ ሲከርም 40 ካሮት አይወጣም፤ የሚወጣው 40 ክር ነው። ውሃው ደግሞ በፈረቃ የሚመጣ፣ በባልዲ ተሸክመን የምናጠጣው ውሃ ነው። ለማይበላ ክር ውሃ ማመላለስ፣ ግፍስ ይኼ ነው!

የሚገርመው፣ «የበቀለ አይነቀልም» የሚሉን አብዛኞቹ ገበሬ ቤት ያደጉ ናቸው። ማሽላና በቆሎ በብተና የዘራ ገበሬ ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ በሬውን ጠምዶ በገዛ ሰብሉ መሀል ማረሻ ያስገባ የለም እንዴ? ሽልሻሎ የሚባለው ምንድን ነው? አረሙን ያጠፋል፣ መሬቱን ከፍቶ ዝናብ ያስገባል፣ የታጨቀውንም ያሳሳል። ጨካኝ ሆኖ ነው? ልጆቹን የሚያበላው እኮ ከዚያው ማሳ ነው።

ሌላም አለ። አንዲት እናት «እኔ አንድ አንድ ፍሬ ነው የቀበርኩት፤ ማን ጨመረበት?» ብለው ጎረቤት ጠርጥረዋል። ኧረ ማንም አልጨመረም! የቀይ ሥርና የቆስጣ አንድ ፍሬ የምንለው ብዙውን ጊዜ የበርካታ ፍሬዎች ጥርቅም ነው፤ ከአንዱ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ችግኝ ይወጣል። ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘራ ማሳሳት አይቀርለትም። ለጠብ የሚያበቃ ነገር የለውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ችግኙ ከዘር ቅጠሎቹ በኋላ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ደካማውን ከአፈሩ እኩል በመቀስ መቁረጥ ነው። ከተነቀለ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይመጣል። ለካሮት ሦስት ጣት፣ ለቀይ ሥር አንድ ጋት፣ ለሰላጣ አንድ ስንዝር፣ ለጎመን ስንዝር ተኩል ይበቃል። ቲማቲም ከሆነ በአንድ ጀሪካን አንድ እግር ብቻ፤ «ሁለተኛውን ልመርቅበት» የለም። የጎመንና የሰላጣ ትርፍ ችግኝ አፈሩን በውሃ አርሶ ከነሥሩ አውጥቶ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ይቻላል። ካሮትን ማዛወር ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ ሥሩ ጠማማና መንታ ሆኖ ይቀራል። የተቆረጠውም አይጣልም፤ የቆስጣና የቀይ ሥር ለጋ ቅጠል ድስት ይገባል።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ምንም አልተገኘበትም፣ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሁን» የሚል ሐሳብ እንደሚቀርብ ሰምተናል። ለዘሩ ሁላችንም አዋጥተናል። 40 ክር ይዘን ቆመን ምን ብለን እንከራከራለን?

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንወርዳለን። ከራሳችን ጀሪካኖች እንጀምራለን። የእናንተን ያለ ፈቃድ አንነካም፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ግን በር እናንኳኳለን። መቀስ ያለው ይዞ ይምጣ።