ፊርማ ፈተናን አይተካም

በአፋምቦ የአዋሽን ውሃ ወደ እርሻው የሚመራ ገበሬ ቦዩን ሳይመረምር ውሃውን አይለቅም፤ የፈሰሰ ውሃ ተመለስ ቢሉት አይመለስምና። በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ለሰዓታት ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። በማግሥቱ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩም ምክንያቱ የውጭ ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ የተደረገ የማሻሻያ ሥራ መሆኑን፥ ያለ አግባብ የተወሰደውም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጠ።

በሕግና በመመሪያ የሚጠበቅ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲያሠራ ጉዳዩ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ ሁሉም ይፈርማል። ፊርማው ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ሌላው መርምሮታል ብሎ ይተማመናል። የምረቃው ቀን ሲቃረብም አስቀድሞ የሚያጥረው የመፈተኛው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ማናቸውም ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ባልሠሩት ባለሙያዎችና በመስኮት በሚያገለግሉት ሠራተኞች ሊፈተን፥ ወደ ቀድሞው የመመለሻ መንገድም ሊዘጋጅለት ይገባል። «ገና ነው፤ ይቆይ» ለማለት ሥልጣን ያለው አንድ ኀላፊም ተለይቶ ይታወቅ።

ይህን ሥራ ማጓተት ነው የሚል ቢኖር፥ ሲስተሙ በአዲስ አበባ ሲቋረጥ ከሩቅ ወደ ሰመራ ወይም ወደ አዋሽ ከተማ መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ከብት አርቢ ያስብ። ቀኑ ያለፈበት ሥራ ይፈጸማል፤ የጠፋ አመኔታ ግን በቶሎ አይመለስም።