ጫት ግብር እንጂ ማስጠንቀቂያ የለውም

የጫት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክራችን ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ «ይከልከል!» ይላል፤ ሌላው «ባህላችን ነው፣ አትንኩት!» ይላል። በመሃል ቃሚው ስለሚቅመው ነገር የሚነግረው አጥቶ ይቀራል።

ባህል ነው መባሉ ሐሰት አይደለም። በሐረርጌም ሆነ በወሎ ጫት ለዱዓ መንቂያ፣ ለሽምግልና መቀመጫ፣ ለገበሬው የድካም ማስታገሻ ሆኖ ኖሯል። ያ አቃቃም ግን ሰዓት፣ ቦታና የሚመራው ታላቅ ሰው ነበረው። ዛሬ ተማሪው ለፈተና፣ ሾፌሩ የሌሊት እንቅልፍ ለመግፋት ለብቻው ይቅማል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። ቅጠሉን ወርሰን ሥርዓቱን ጥለናል።

ቅጠሉ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት ትኩሱ የሚፈለገው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳል። የልብ ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርም አደጋው የከፋ ነው። አምፒሲሊን የታዘዘለት ሰው እየቃመ ቢውጠው መድኃኒቱ በሚገባው መጠን ወደ ደሙ አይገባም። በዚህ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ አለ፤ በአገራችን ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት በጥናት ተገኝቷል።

አሁን መንግሥትን እንጠይቅ። ጫት ለውጭ ገበያ ቀርቦ ዶላር ያስገባል፤ አገር ውስጥም ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሎበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራ ፓኮ 70 በመቶው በጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ጫት ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል የለበትም። ለምን?

ክልከላ መፍትሔ አይመስለኝም። ብዙ ገበሬና ነጋዴ የሚተዳደርበትን ገበያ ወደ ጓሮ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በየመሸጫውና በየመቃሚያ ቤቱ ማን መቃም እንደሌለበት በግልጽ ይለጠፍ። ማሳው ላይ የሚረጨው መርዝ ይመርመር። ሐኪሙም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «ትቅማለህ?» ብሎ ያለነቀፋ ይጠይቅ፤ ታማሚው የሚደብቀው ነቀፋውን ፈርቶ ነውና።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቅጠሉ ግብር የሚሰበስብ መንግሥት የቅጠሉን አደጋ የመንገር ዕዳም አለበት።