ንባቡ ተከፈተ፣ ክፍያው ግን ወደ ጸሐፊው ዞረ

እ.ኤ.አ. በ2015 በላይቤሪያ ጤና ሚኒስቴር ከፍተኛ የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር በርኒስ ዳን፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በኒውዮርክ ታይምስ ላይ አንጀት የሚያቃጥል ጽሑፍ አወጡ። ኢቦላ አገራቸውን ከማጥቃቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በ1982፣ አውሮፓውያን ተመራማሪዎች የላይቤሪያውያንን ደም መርምረው አገሪቱ ቫይረሱ ከሚገኝባቸው አካባቢዎች ጋር መመደብ እንዳለባት ጽፈው ኖሯል። ማስጠንቀቂያው ታትሟል፤ የሚመለከታቸው የላይቤሪያ ሐኪሞች ግን አላዩትም። ከአጥኚዎቹ አንድም ላይቤሪያዊ አልነበረም። እንዲህ ካሉት ጽሑፎች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚጠየቀው 45 ዶላር ደግሞ የአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ያህል ነበር። ያ የምዕራብ አፍሪካ ወረርሽኝ ከ11,000 በላይ ሰዎች ገድሏል። ጽሑፉ በወቅቱ ቢነበብ ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ያልተነበበ ማስጠንቀቂያ ግን ካልተጻፈ አይሻልም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 2020 ቻይናዊው ዣንግ ዮንግዤን እና ባልደረቦቹ የኮሮና ቫይረስን ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል በአውስትራሊያ በሚሠራው ኤድዋርድ ሆምስ በኩል ለዓለም በነፃ ለቀቁ። ሞደርና ክትባቱን ለመንደፍ የፈጀበት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ መጋቢት 16 ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ሲያትል ውስጥ ተወጋ። መረጃው ለአንድ መጽሔት ግምገማ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ በስንት ወር ይዘገይ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በኮምፒውተር ሳይንስ ጥናትን ለሁሉም መክፈት ቀድሞም ልማድ ነበር። የፊዚክስ ባለሙያው ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የመሠረተው አርካይቭ የተባለው የጽሑፍ ማከማቻ ከአንባቢም ከጸሐፊም ሳንቲም አይጠይቅም። የዛሬዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የቆሙበት የትራንስፎርመር ጥናትም በ2017 ለሕዝብ የወጣው እዚያው ነው። አማርኛን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰውና የቦታ ስሞችን ለኮምፒውተር ለማስተማር የተሰናዳው ማሳካኔ የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ጥናትም በ2021 ከነመረጃው በነፃ ወጥቷል።

መክፈት ውሸትንም ይለቃል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን የኤልኬ 99ን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይከተሉት። በሐምሌ 2023 ደቡብ ኮሪያውያን ተመራማሪዎች በተራ የክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መከላከል የሚያስተላልፍ ሱፐርኮንዳክተር አገኘን ብለው፣ ጽሑፋቸውን ማንም ሳይገመግመው አርካይቭ ላይ ለጠፉት። ማኅበራዊ ሚዲያው በአንድ እግሩ ቆመ። የአሠራሩ ዝርዝር ግን አብሮ ወጥቶ ስለነበር በቻይና፣ በህንድ፣ በአሜሪካ ያሉ ላቦራቶሪዎች ወዲያው ቁሱን መሥራት ጀመሩ። በሳምንታት ውስጥ ምስጢሩ ተፈታ፦ ተአምር የመሰለው ነገር የመጣው ከቁሱ ጋር ከተቀላቀለ ኮፐር ሰልፋይድ ነበር። ጀርመን ሽቱትጋርት የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ጥርት ያለውን ቁስ አሳድጎ ሲለካው ጭራሽ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ በ2020 ተገምግሞ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ተመሳሳይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እስኪሰረዝ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ በመሃሉም ሌሎች ሳይንቲስቶች ጥሬ መረጃውን ለማየት ብዙ ተሟግተዋል።

ከሁሉ የሚያስተዛዝበው የአልፋፎልድ ጉዳይ ነው። የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚተነብየው ይህ ፕሮግራም የሠለጠነው፣ የዓለም ተመራማሪዎች ከ1971 ጀምረው የፕሮቲን ቅርጾችን በነፃ ባስቀመጡበት የጋራ መዝገብ ነው። ባለቤቱ ዲፕማይንድ መጀመሪያ ላይ ውለታውን መልሷል፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ትንበያዎችን ለሁሉም ከፈተ። በግንቦት 2024 ሦስተኛውን ስሪት ኔቸር ላይ ሲያወጣ ግን ኮዱን አስቀረ። ከጋራ መሶብ በልቶ የራስን ሌማት እንደ መክደን ነው። ተመራማሪዎች ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ በኅዳር ኮዱ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ተለቀቀ። የዲፕማይንዶቹ ዴሚስ ሐሳቢስና ጆን ጀምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተካፈሉት በዚሁ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። አሳታሚዎች አንባቢን ማስከፈል ሲከለከሉ ሒሳቡን ወደ ጸሐፊው አዞሩት። ኔቸር በ2020 መጨረሻ አንድን ጽሑፍ ክፍት አድርጎ ለማተም ያስታወቀው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር የስንት ዓመት ደመወዙን አጠራቅሞ ይህን እንደሚከፍል ማስላት የሚችል ያስላ። አሳታሚው በ2023 ከ70 በላይ ለሚሆኑ ድሃ አገሮች ተመራማሪዎች ክፍያውን አንስቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ዛሬ በሰጪው ፈቃድ የተገኘ ነገር ነገ በሰጪው ፈቃድ ሊቀር ይችላል። ገንዘብ እስከተከፈላቸው ድረስ ያገኙትን ሁሉ የሚያትሙ አጭበርባሪ መጽሔቶች የተፈለፈሉትም በዚሁ የጸሐፊ ክፍያ ሥርዓት ነው፤ በደረጃ ዕድገት ጥድፊያ ውስጥ ያለ ወጣት መምህር ደግሞ ለእነሱ የተመቸ ደንበኛ ነው።

ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ብራዚል በ1997 ሲየሎ የተባለውን የመጽሔቶች መድረክ ስትጀምር የአገር መጽሔቶችን በሕዝብ ገንዘብ ደግፎ ለአንባቢ በነፃ ማቅረብ እንደሚቻል አሳይታለች። ኢትዮጵያም ወጓ አልቀረም። የጅማ ዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ መጽሔት የትም ሆኖ በነፃ ይነበባል። በ2019 ደግሞ የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ሁሉ በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥቷል።

ፖሊሲው በወረቀት ላይ እንዳይቀር ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ማከማቻው ውስጥ ያልገባ ጥናት ለደረጃ ዕድገት አይቆጠር። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አሳታሚ ሊከፍሉ ከሚያስቡት ገንዘብ ከፊሉን ለራሳቸው መጽሔቶች አርታኢዎችና ገምጋሚዎች ይመድቡ። ሁለቱም አዲስ አዋጅ አያስፈልጋቸውም፤ የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሊወስኑት ይችላሉ፤ ይወስኑትም።